የራሊጻ ወንበር

ሴቭዳ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ናት። ቤቷ በቡልጋሪያ፣ ከወንዝ ማዶ፣ ሮማ የሚባሉ ሕዝቦች በሚኖሩበት ሰፈር ነው። በክፍሏ አርባ ልጆች አሉ። በአንድ ዴስክ ሦስት ሆነው ስለሚቀመጡ፣ ጓደኛዋ ሚልካ ደብተሯን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ነው የምትጽፈው።

አንድ ጭጋጋማ ማለዳ የጎረቤት መንደር ትምህርት ቤት ርእሰ መምህርት ወይዘሮ ፔንካ መጡ።

«ልጅሽን ለዛሬ አውሺኝ» አሏት እናቷን።

«ወንፊት መሰለችዎት እንዴ?» ብላ እናቷ ሳቀች፤ ግን ፈቀደች።

በመንገድ ላይ ወይዘሮ ፔንካ ነገሩን ለሴቭዳ ገለጡላት። «ተቆጣጣሪ ይመጣል። መንግሥት ገንዘብ የሚሰጠን በልጅ ቁጥር ነው። ተማሪያችን ራሊጻ ስፔን ሄዳለች። ስሟ ሲጠራ ‹አቤት› በይ፤ የሥዕል ቀለሞቿ ያንቺ ይሆናሉ።»

ሴቭዳ ቀለም ኖሯት አያውቅም። እሺ አለች።

ክፍሉ ጭር ብሏል። ያሉት ስምንት ልጆች ናቸው። በቀሩት ወንበሮች ላይ ኮት ብቻ ተንጠልጥሏል።

«ባለቤቶቹስ?» ስትል አጠገቧ ያለችውን ቦያናን ጠየቀች።

«ሽንት ቤት ሄደዋል ነው የሚባለው።»

«ሁሉም?»

«ሁሉም። ከአምና ጀምሮ።»

ራሊጻ ክፍሉ ውስጥ ትታው የሄደችው ነጠላ ጫማ ለሴቭዳ ልክ ሆናት። «እሷም እንዲህ እግሯን ታቆላልፍ ነበር» አለች ቦያና ሳትስቅ። ሴቭዳ እግሯን ፈታች። ጥቂት ቆይቶ ሳታውቀው ተቆላልፎ አገኘችው።

ለልምምድ ስም ሲጠራ፣ መጀመሪያ «ራሊጻ!» ሲባል እየተንተባተበች «አቤት» አለች። በሦስተኛው ስሙ ተጠርቶ ሳያልቅ መለሰች። በእረፍት ሰዓት ቦያና ከኋላዋ «ሴቭዳ!» ብላ ብትጣራ ዘወር አላለችም።

ከሰዓት በኋላ ተቆጣጣሪው አቶ ዴሊያን ገቡና ፊቷ ቆሙ።

«ስምሽ ማነው ልጄ?»

አፏን ከፈተች። ስሟን ፈለገችው፤ የለም። ልጆች፣ የገዛ ስማችሁን ፈልጋችሁ አጥታችሁ ታውቃላችሁ? ኮቶቹ ሁሉ ወደ እሷ የዞሩ መሰላት። ያን ጊዜ፣ በዚህች ሰዓት ጉልበቷ ላይ የምትጽፈው ሚልካ ትዝ አለቻት። ስሟም ተመለሰ።

«ሴቭዳ ነኝ» አለች። «ዋሽቻለሁ። ራሊጻ የለችም። የኮቶቹ ልጆችም የሉም። ከወንዙ ማዶ ያለነው እኛ ግን በአንድ ክፍል አርባ ነን፤ ሁላችንም አለን።»

ወይዘሮ ፔንካ ቁጭ አሉ። «ትምህርት ቤቴ እንዳይዘጋ ብዬ ነው» አሉ በዝግታ። እውነታቸውን ነበር።

ሴቭዳ ቀለሙን ሳትወስድ ወደ ቤቷ ሄደች። ማታ ከእናቷ ጋር ተንበርክካ እግዚአብሔርን ይቅርታ ጠየቀች። የብርዱ ወራት ሳያልፍ ለሌሉት ልጆች ይከፈል የነበረው ገንዘብ ወንዙን ተሻግሮ ወደ ሴቭዳ ትምህርት ቤት መጣ፤ ሁለተኛ መምህርት ተቀጠረች፤ አርባዎቹም ለሁለት ክፍል ተከፈሉ።

ልጆች፣ ለሌለ ልጅ «አቤት» ማለት ያለውን ልጅ ድርሻ መስረቅ ነው።