መርፌው ያረፈበት ክንድ

የክር ፋብሪካው የፈረቃ ኃላፊ ሰኞ ጠዋት የኮሮና ክትባት ልከተብ ብሎ ከቤቱ ወጣ። ረቡዕ ጠዋት ሚስቱ ቁርስ ይዛለት ስትገባ አልጋው ላይ ቀዝቅዞ አገኘችው። ምን ገደለው ብሎ የተጨነቀ አልነበረም፤ ሰው ሲሞት ጎረቤት ሁሉ ሐኪም ነው። ምሳ ሰዓት ሳይደርስ «መርፌው ገደለው» የሚለው ወሬ ሦስት ሰፈር ተሻገረ። አፍ ዳገት አይፈራም።

ሐሙስ ዕለት ኢንስፔክተሯ ወደ ጤና ጣቢያው ተጠራች። በዚያ ሳምንት መጀመሪያ ሁለት መቶ ሰው የተሰለፈበት ደጅ ላይ የቆሙት አንድ ዘበኛና ሁለት ፖሊሶች ብቻ ነበሩ። የክትባት ክፍሉ መስኮት በድንጋይ ተሰብሯል። ኢንስፔክተሯ ሃምሳ ዓመት የሞላት፣ ቀስ ብላ የምትራመድ ሴት ናት። ባልደረቦቿ ከኋላዋ «ወይዘሮ ለምን» ይሏታል። ስሙን ታውቀዋለች፤ ለምን እንዳወጡላትም ጠይቃቸዋለች።

የጤና ጣቢያው ኃላፊ፣ እንቅልፍ ያጣ የሚመስል ሐኪም፣ የአስከሬን ምርመራውን ውጤት ሰጣት። የልብ ደም ቧንቧ መዘጋት ይላል።

«ታዲያ ይሄ አይበቃም?» አለችው።

«ለእኔ ይበቃል። ሰፈሩ ግን ‹ደሙን ያረጋው መርፌው ነው› ይላል። እኔም ክትባቱ ምንም ነገር አያመጣም ብዬ አልምልም። ከባድ ጉዳት እጅግ ጥቂት ሰው ላይ ይደርሳል። ለዚህ ነው የተከተበውን ሁሉ አሥራ አምስት ደቂቃ አስቀምጠን የምናየው።»

መርፌውን የወጋችውን ነርስ ከሥራ አግዷታል። እስከ ዓርብ ነገሩ ካልጠራ ፈቃዷ ይነጠቃል፤ ክስም ይከተላል። ይህን ሲነግራት ዓይኑን ከመሬት አላነሳም።

ነርሷ ዕቃ ማስቀመጫው ክፍል ውስጥ፣ በካርቶን መሀል ተቀምጣ ነበር። ሥራ ከጀመረች ገና ሁለት ዓመቷ ነው። ነጭ ጋወኗን አላወለቀችም።

«አንድ በአንድ ንገሪኝ፣ እህቴ» አለቻት ኢንስፔክተሯ።

ነርሷ ነገረቻት። መታወቂያውን አይታለች፤ አለርጂ አለብህ ወይ፣ ታመሃል ወይ ብላ ጠይቃለች። ዕድሜው ከአርባ በላይ ስለሆነ ግፊቱን ለክታለች። ግዴታ ሆኖባት ሳይሆን ልማዷ ነው። ከመርፌው በኋላ አሥራ አምስት ደቂቃውን ተቀምጦ፣ አመስግኗት ሄደ።

«ክንዱን ማን መረጠ?»

«እኔ። በየትኛው እጅህ ነው የምትሠራው ብዬ እጠይቅና በሌላው እወጋለሁ። አንድ ሁለት ቀን ስለሚያም ሥራ እንዳያስፈታው ብዬ ነው።»

ኢንስፔክተሯ ቅጹን ተቀብላ አነበበች። ግፊት፦ መቶ አሥራ ስምንት በሰባ ስድስት። ክንድ፦ ቀኝ። ደግማ አነበበችና ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

ሟቹ ቤት ሐዘንተኛ ሞልቶ ነበር። ሚስቱ ኢንስፔክተሯን ወደ መኝታ ክፍሉ አስገብታ በሩን ዘጋችው። ያን ቀን ሁሉ ለማንም ያልተናገረችውን መጀመሪያ ያወጣችው ለማታውቃት ሴት ነው።

«የገደልኩት እኔ ነኝ። እናቴን ይኼ በሽታ ከወሰደብኝ ወዲህ ተከተብ፣ ተከተብ እያልኩ ነዘነዝኩት። እሱ ይፈራ ነበር። በኋላ ፋብሪካውም የክትባት ካርድ የሌለው በር አያልፍም አለ፤ እኔም ደስ አለኝ።»

ኢንስፔክተሯ ሕመሙ እንዴት እንደጀመረ ጠየቀቻት።

«ሰኞ እንደመጣ ክንዴን አመመኝ አለ። ማታ ደከመኝ አለ፤ ከዚያ ራሴን አለ። ማክሰኞ ሰውነቴን ቆረጣጠመኝ፣ ቀጥሎ ብርድ ብርድ አለኝ፣ ወደ ማታ ደግሞ አተኮሰኝ አለ። ግንባሩን ስዳስሰው ግን ቀዝቃዛ ነው።» እንባዋን ጠረገች። «ረቡዕ ጎህ ሲቀድ ላብ አጠመቀው። ደረቴን ተጫነኝ፣ ክንዴን፣ መንጋጋዬን አለ።»

«የትኛውን ክንድ?»

«ግራውን። ከሰኞ ጀምሮ ግራውን እንደያዘ ነው።»

ሐኪም ቤት ያልወሰደችው ለምን እንደሆነ ስትጠየቅ፣ ለባሏ ታናሽ ወንድም ደውላ እንደነበር ተናገረች። «የክትባት ነው፣ ያልፋል» ብሏታል። ግፊት ነበረበት ወይ ለሚለው ደግሞ መሳቢያውን ከፍታ እንክብሎቹን አሳየቻት። አሥር ዓመት ሆኖታል፤ ትንሽ ሻል ሲለው ይተወዋል። ከእንክብሎቹ ጎን ጤና ጣቢያው የሚያድለው የመረጃ ወረቀት ነበር፤ ብዙ ጊዜ ከመታጠፉ የተነሳ መሀሉ ሊቀደድ ደርሷል። ኢንስፔክተሯ ወረቀቱን ይዛ ወጣች።

ታናሽየው ቀለም ቀቢ ነው። ግንባሩና ዓይኖቹ ቁርጥ የወንድሙን ናቸው፤ ያን ዕለት ዓይኖቹ በልቅሶ አብጠው ነበር። ነርሷ ትጠየቅልኝ ሲል ድምፁ አይሰማም ነበር። ማክሰኞ ሥራ ገብቶ እንደነበር ብትጠይቀው፣ ትንሽ አተኩሶት እንደቀረና በማግስቱ እንደተሻለው ነገራት። ቃሉን ሰጥቶ ሲጨርስ ብዕሩን በግራ እጁ ይዞ ፈረመ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል፤ ኢንስፔክተሯ ግን መጠርጠር ጀምራለች።

ዓርብ ከቀትር በኋላ ሐኪሙን፣ ነርሷን፣ ሚስትየዋንና ቀለም ቀቢውን በክትባት ክፍሉ ሰበሰበቻቸው። የተከተበ ሰው አሥራ አምስት ደቂቃ በሚቆይባቸው ወንበሮች ላይ ተቀመጡ። ከተሰበረው መስኮት ውጭ የሰፈሩ ሰው ተጠጋግቶ ይሰማል፤ ዘበኛው ሊያባርር ሲል ኢንስፔክተሯ ተወው አለችው።

«ከክንዱ ልጀምር» አለች። «ሟቹ ግራ ክንዱን ነው የታመመው። ቅጹ ግን መርፌው ቀኝ ክንድ ላይ አረፈ ይላል። ባለቤትዎ በየትኛው እጃቸው ነበር የሚሠሩት?»

«በቀኝ» አለች ሚስትየዋ።

«በቀኙ ለሚሠራ ሰው ነርሷ የምትወጋው ግራውን ነው። ቀኙን ከወጋች ፊቷ የተቀመጠው ግራኝ ነበር ማለት ነው።» ወደ ሐኪሙ ዞረች። «የሟቹ ግፊት እዚህ ባለው የሕክምና ካርዱ ላይ ስንት ስንት ነው?»

«ከመቶ ሰባ ወርዶ አያውቅም።»

«ሰኞ የተለካው መቶ አሥራ ስምንት ነው። እንክብል የሚዘል ሰው በአንድ ጠዋት እንዲህ አይወርድም።» የታጠፈውን ወረቀት ዘረጋችው። «ሦስተኛው ይኼ ነው። ክትባቱ ሊያመጣ የሚችለውን ስሜት ይዘረዝራል። የክንድ ሕመም፣ ድካም፣ ራስ ምታት፣ ቁርጥማት፣ ብርድ ብርድ ማለት፣ ትኩሳት። ሟቹ የታመመው በዚሁ ተራ ነው፤ አንድም ሳይዘል፣ አንድም ሳያስቀድም። እንዲህ ደንብ አክብሮ የሚመጣ በሽታ አላየሁም። ትኩሳቱ ላይ ሲደርስ ደግሞ ግንባሩ ቀዝቃዛ ነበር። እያነበበ ነበር የሚታመመው።»

ሐኪሙ ቀስ ብሎ ቀና አለ። «አልተከተበም?»

«አልተከተበም። የተከተበው ግራኝ ነው፣ ግፊት የለበትም፣ ማስክ ካደረገ በሟቹ መታወቂያ ያልፋል፣ ማክሰኞም አተኩሶታል።»

ነርሷ ቀለም ቀቢውን አየችው። «ማስክህን ዝቅ አድርግ ማለት ነበረብኝ» አለች። «እሱን አላልኩም።»

ቀለም ቀቢው አልካደም። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ እንዲሉ፣ ሦስት ቀን ሙሉ የሰው ልጅ ስትወነጀል እያየ ዝም ብሏል። አሁን መሬት መሬቱን እያየ ተናገረ።

«ግፊት ያለበትን ሰው መርፌው ይገድላል ብለውት ፈራ። እኔ ታናሹ ነኝ፤ አባትም እናትም ሆኖ ያሳደገኝ እሱ ነው። ሂድልኝ ሲለኝ እምቢ ልበለው? እትዬ እንዳትጠረጥር ደግሞ ትንሽ የታመምኩ እመስላለሁ አለኝ። ተሳስቀን ተለያየን።»

«ግፊት ላለበት ሰው እንዲያውም ክትባቱ ይመከራል» አለ ሐኪሙ። «እዚህ ራሱ ቢቀመጥ ኖሮ ግፊቱ ይለካ ነበር። አይተን ወደ ቤቱ አንሰደውም ነበር።»

የፈሩት ይደርሳል ይባላል፤ የፈረቃ ኃላፊው ግን ከፈራው ወንበር ሸሽቶ ነው የሞተው።

«ረቡዕ ንጋት ላይ ስትደውልልህስ?» አለች ኢንስፔክተሯ።

«እየተወነ መሰለኝ።» ቀለም ቀቢው ፊቱን በሁለት እጆቹ ሸፈነ። «እምላለሁ፣ እየተወነ መሰለኝ። ከሞተ በኋላ ለእትዬ ምን ብዬ ልንገራት?»

ሐኪሙ የእገዳውን ደብዳቤ ከኪሱ አውጥቶ ቀደደው፤ ነርሷን ይቅርታ ጠየቃት። እሷ ግን ደስ የሚል ፊት አላሳየችም። ከመስኮቱ ውጭ የነበረው ሰው አንድ በአንድ ሄደ፤ ወደ ውስጥ ገብቶ ይቅርታ ያለ የለም። ኢንስፔክተሯ በሰው መታወቂያ መጠቀም እንደሚያስከስሰው ለቀለም ቀቢው ነገረችው። ለስልኩ ግን የምትጠቅስበት አንቀጽ አልነበራትም።

ሚስትየዋ ተነስታ ቀለም ቀቢው ፊት ቆመች።

«ስልኩ ላይ ሳቅህ ተሰምቶኝ ነበር» አለችው። «ነገሩ ቀላል ባይሆን አይስቅም ነበር ብዬ ልቤ መለስ አለ። ‹ወንድምህ እኮ ሳቀ› ብዬ ነገርኩት። አፍጥጦ አየኝ። እጄን ያዘኝ፤ አፉን ከፈተ።»

ወንበሩን ተደገፈች።

«ሊነግረኝ ነበር። ‹አትናገር፣ ተኛ፣ ያልፋል› አልኩት። በሩን ዘጋሁለትና ቁርሱን ልሠራ ሄድኩ።»