ከጠጠሩ ስር የሚጮኸው

ስማኝማ፣ ይቺን ሳትሰማ እንዳትሄድ። እኔ ጅን ነው፣ ዛር ነው ሲሉኝ የምስቅ ሰው ነኝ፣ አስረኛ ላይ ትምህርቴን ጥዬ መርሳ ላይ ባጃጅ የምነዳ፣ ከትራፊክ በቀር የሚያስፈራኝ የለም እያልኩ የምፎክር። አሁን ግን ሲመሽ በዚያች ጥግ ካለፍኩ ሙዚቃውን እስከ ጥግ ከፍቼ ነው የማልፈው፣ ለምን እንደሆነ ልንገርህ።

ክረምቱ ሲገባ ህይወት የምትባል መምህር ከወልድያ መጣች፣ የምታጠናው እንቁራሪት ነው። አዎ፣ እንቁራሪት። ሀገሩ ስንት ጉድ እያለበት ለእንቁራሪትም ደመወዝ ይከፈላል እንዴ ብዬ አሾፍኩባት። "አንተ ዝም ብለህ ንዳ" አለችኝ፣ እዚያው ወደድኳት።

ከከተማው ዝቅ ብሎ ረግረግ ነበር፣ ምንጩም ከዚያው ነው የሚነሳው፣ የስንቱ ሰው ብርቱካንና ሙዝ በሱ ነው የሚጠጣው። ውሃውን በተራ የሚያከፋፍሉት ሸህ ሰይድ ናቸው፣ የውሃ አባት እንላቸዋለን። ደንባቸው የቆየ ነው፣ ማታ እንቁራሪቶቹ ከጮሁ ጠዋት ቦይ ይከፍታሉ፣ ዝም ካሉ ምንጩ ደክሟልና ይረፍ ይላሉ፣ የሚከራከራቸውም የለም።

ህይወት ከዚያ ረግረግ ጭራ ያላቸውን ጥቋቁር የእንቁራሪት ጫጩቶች ቀድታ በብልቃጥ ያዘች። አፋቸውን በማጉያ መነፅር አይታ ከማውቀው ዘር አንዱንም አይመስሉም አለችኝ፣ ግን በጫጩት ብቻ ቁርጡ አይታወቅም፣ ያደገው መታየት፣ የወንዱም ድምፅ መቀዳት አለበት። እሷ ይሄን ስትጠብቅ፣ ረግረጉ ተደፍኖ መኪና ማቆሚያ ሊሆን ነው ተባለ። ማዘጋጃ ቤት ሄዳ ለመነች፣ እስኪያድጉ ብቻ ታገሱኝ አለች። መልሳቸውን ስማ፣ በበጋ መጥተን አይተናል፣ በቀትር፣ ምንም የለም። በበጋ እንቁራሪት ጭቃ ውስጥ ገብቶ ይተኛል፣ በቀትርማ መርሳ ላይ እኔም አልጮህ! ሲኖትራክ እየተመላለሰ ጠጠሩን ደፋበት፣ አለቀ።

ከዚያ ህይወት አንዴ ብቻ ውሰደኝ አለች፣ ብልቃጧን እንደ ህፃን ታቅፋ። ስንደርስ የመግሪብ አዛን ገና ማለቁ ነው፣ ሸህ ሰይድ አካፋቸውን ተደግፈው ጠጠሩ ዳር ቆመዋል። ሸህ፣ ምን ይጠብቃሉ ብላቸው፣ ልማድ ነው ልጄ አሉኝ፣ አንጀቴን በሉት።

መጀመሪያ ጠጠሩ እርስ በርሱ ሲፋተግ ሰማሁ፣ ሰው አፉ ውስጥ ቆሎ እንደሚያላምጥ። አይጥ ነው አልኩ። ቀጥሎ ድምፁ መጣ። የሰፈሬን እንቁራሪት እኔ አውቀዋለሁ፣ ይሄ ሌላ ነው፣ ባዶ ጀሪካን በቀስታ ስትመታ እንደሚወጣው፣ ወፈር ያለ፣ ከስር፣ ከዚያ ሁሉ ጠጠር ስር፣ በጫማዬ ሶል ሲያልፍ ተሰማኝ፣ ወላሂ። ህይወት የድምፅ መቅጃዋን ከፈተች፣ ቀዩ መብራት በራ። ወዲያው ክንዴን ጨበጠችኝ፣ "ብልቃጡን እይ" አለች።

ሲዞሩ የነበሩት ጫጩቶች ቀጥ ብለዋል። ሁሉም ጭንቅላታቸውን ወደ ጠጠሩ አድርገው መስታወቱ ላይ ተለጥፈዋል። ብልቃጡን አዞረችው፣ እነሱም ዞረው መልሰው ወደዚያው። ደግማ አዞረችው፣ ያው።

ሸህ ሰይድ አስተግፊሩላህ እያሉ አካፋቸውን አነሱ፣ እንደገና አስቀመጡት። "ጮኸዋል" አሉ፣ "ታዲያ ቦዩን ከየት ነው የምከፍተው?"

ህይወት መቅጃዋን ዘጋች።

ባጃጁ ውስጥ ገብተን የተቀዳውን ከፈትነው። የእኔ ሳል አለ፣ የመንገዱ መኪና አለ፣ የሸሁ አስተግፊሩላህ ጥርት ብሎ አለ። ያ ድምፅ የለም። ሶስታችንም የሰማነው፣ እግሬ የሰማው፣ የለም። ህይወት ወልድያ እስክንገባ እየመለሰች ትሰማዋለች።

አሁን ክረምቱ አልፏል። ስደውልላት ጫጩቶቹ አሉ ትላለች፣ ይበላሉ፣ ይዋኛሉ፣ እግር ግን አላወጡም፣ ምክንያቱን አላውቅም፣ እስካሁን ማደግ ነበረባቸው ትላለች። ሲመሽ ደግሞ ቀጥ ይላሉ አለችኝ፣ ብልቃጡን የትም ብታስቀምጠው፣ ወደ መርሳ ዞረው።

እና እናንተ፣ በቀትር አይተን ምንም የለም ብላችሁ ጠጠሩን ያስደፋችሁት፣ ታዲያ እነዚህን ጫጩቶች ከስር የሚጠራቸው ማነው?