ክሬም ያስቀደመ እጅ

ጄጎ ፔንጌሊ ከዳቦ ቤቱ ጓዳ፣ ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ ሞቶ ተገኘ። ሻዩ መርዝ ነበረበት። ከፊቱ አንዴ የተገመጠ ስኮን፣ ክሬምና ማርማላታ የሚቀባ ትንሽ ዳቦ፣ በሳህን ተቀምጧል፤ ክሬሙ ከታች፣ ማርማላታው ከላይ።

እንግሊዝ አገር፣ ኮርንዋል ውስጥ ስኮን እንዲህ አይበላም፤ ማርማላታ ይቀድማል። ክሬም የሚያስቀድሙት ከወንዙ ማዶ ያሉት የዴቨን ሰዎች ናቸው። የጄጎ ሚስት ዊኒፍሬድ ደግሞ የዴቨን ልጅ ናት። ሰፈሩ ሬሳው ሳይቀበር ፈረደባት። እሷ አላለቀሰችም፣ አልተከራከረችም። ገላዋ የሌላ ሰው እስኪመስላት ደንዝዛ፣ ሲጠይቋት ብቻ ትመልሳለች።

መርማሪዋ ኢንስፔክተር ናንስ ያን ዕለት ጓዳ የገቡትን አጣራች፦ ዊኒፍሬድ፣ እዚያው ቤት ያደገችው ሻጯ ከረንሳ፣ እና የጄጎ ወንድም ዴንዚል። ዴንዚል ወንድሙ የዴቨን ሴት በማግባቱ ተቀይሞ ከቤታቸው እህል ቀምሶ አያውቅም። የአባታችን ዳቦ ቤት ለእኔ ይገባል ብሎ ሊነጋገር መጥቶ ወዲያው እንደተመለሰ ተናገረ። ከረንሳ ደግሞ ባልና ሚስቱ የሚጣሉት ለቀልድ ብቻ እንደነበር አወራች፤ እሱ «ስኮን» ሲል እሷ በአገሯ አነጋገር «ስኮውን» እያለች ታበሽቀው ነበር።

በማግስቱ ናንስ ሦስቱንም ጓዳው ውስጥ ሰበሰበች።

«ወይዘሮ፣ ለባለቤትዎ እንደሚያቀርቡላቸው አድርገው አንድ ስኮን ያዘጋጁልኝ።»

የዊኒፍሬድ እጅ ሳያስብ ወደ ማርማላታው ሄደ።

«አሁንማ ታስመስላለች» አለ ዴንዚል።

«ጋሼ ዴንዚል፣ እዚህ ማዕድ ላይ ነው ያደግሁት» አለች ከረንሳ። «ሌላ ዓይነት አይቼ አላውቅም።»

«ያገባኝ ሰሞን ክሬም ባስቀድም ሳህኑን መለሰልኝ» አለች ዊኒፍሬድ ቀስ ብላ። «አፌን አላስለወጠኝም። እጄን ግን ለቀቅሁለት።»

ናንስ ቀጠለች። «የሟቹ ጢም ላይ ክሬምም ፍርፋሪም አልነበረም። ስለዚህ አልበሉትም፤ ሌላ ሰው ገምጦ አስቀመጠው። ያ ሰው ጥፋቱን ወይዘሮዋ ላይ ሊጥል ፈልጓል። እሳቸው በራሳቸው ላይ ማስረጃ አይተክሉም። ከረንሳ ደግሞ እዚህ ቤት ማርማላታ እንደሚቀድም ታውቃለች። የማያውቀው ማዕዱ ላይ ቀርቦ የማያውቅ ነው።»

«በቤተ ክርስቲያን የሻይ ግብዣ ላይ ስኮውን፣ ስኮውን ስትል እሰማት ነበር» አለ ዴንዚል። «ምላሷን ያልለወጠች እጇን ትለውጣለች ብዬ አልጠረጠርኩም።»

ፖሊሶች ይዘውት ወጡ።

«ነፃ ነዎት፣ ወይዘሮ» አለች ናንስ።

«እሺ» አለች ዊኒፍሬድ። ለጄጎ ያዘጋጀችው ስኮን ገና እጇ ላይ ነበር። ማን ፊት እንደምታስቀምጠው ጠፍቷት፣ ይዛው ቆመች።