ያልያዘችው ትንፋሽ

ከእሷ ጋር የተዋወቅነው በቁጣ ነው። እውነቴን ነው!

አርባ ዓመት ሆስፒታል ውስጥ ራጅ አንሺ ነበርኩ። የሰው አጥንትና ሳንባ ሳነሳ ኖሬ፣ በስተርጅና የሰው ፊት ማንሳት አማረኝ። ጡረታ እንደወጣሁ ዕድሜ ልኬን የተመኘሁትን ካሜራ ገዛሁ። አንድ ጠዋት የሕንጻችን ደረጃ ላይ አንዲት ሴት ዘንቢሏን አስቀምጣ፣ ብረቱን ተደግፋ ቆማለች። ብርሃኑ ደስ አለኝና አነሳኋት።

«ማን ፈቀደልዎ?»

«ይቅርታ... ብርሃኑ አምሮኝ ነው።»

«እንግዲያው ብርሃኑን ያንሱ! እኔን ምን አደረግኩዎት? ያጥፉት!»

አጠፋሁት። ዘንቢሏን ግን አራተኛ ፎቅ ድረስ ተሸከምኩላት። ጡረታ የወጣች ታይፒስት ናት፤ ባሏ ሞቶባት ብቻዋን የምትኖር አዲስ ተከራይ።

ከዚያ በኋላማ ምን ልበላችሁ... በየቀኑ ሰበብ እየፈለግኩ በሯን አንኳኳሁ። «እርስዎ» ቀርቶ «አንተ» ሆንኩ። እጆቿን እንዳነሳ ፈቀደች። ጀርባዋን፣ ጫማዋንም ፈቀደች።

«ፊቴን ግን ሞቼ ነው ቆሜ!»

አንድ ከሰዓት አላስችል ብሎኝ «አግቢኝ» አልኳት።

«አንተ ሰውዬ፣ ጤና የለህም እንዴ?» ብላ ሳቀች። ሳቋ ወደ ሳል ዞረ። ሳሉ ሲበርድላት «አይሆንም» አለች።

ደሜ ፈላ። «ፊትሽን ትደብቂኛለሽ፣ አታገቢኝም... ታፍሪብኛለሽ ማለት ነው!»

«እንደሱ አይደለም...»

«እና ምንድን ነው? ሌላ ሰው አለ?»

ወንበሯን ወደ መስኮቱ ጎትታ ተቀመጠች።

«እሺ። አንሳኝ።»

ካሜራውን አስተካክዬ ሳበቃ፣ የአርባ ዓመት ልማዴ ከአፌ አመለጠኝ።

«አየር ወደ ውስጥ ሳቢ... ያዢው... እንዳትንቀሳቀሺ።»

በልቤ መቁጠር ጀመርኩ። አንድ፣ ሁለት... ሦስት ላይ ሳሉ እጥፍ አደረጋት። ያን ሳል አውቀዋለሁ። ያን ቀን ደረጃው ላይ የቆመችው ለምን እንደሆነ ያኔ ገባኝ። ወይኔ ጅሉ!

«ገባህ አይደል?» አለች አፏን በመሀረብ እየጠረገች።

በእኛ ሥራ ያየነውን ለታማሚ አንናገርም። «ሐኪሙ... ሐኪሙ ይነግርሻል» አልኩ።

ፈገግ አለች። «ያኔም እንደዚሁ ነው ያልከኝ።»

«መቼ?»

«ጡረታ ልትወጣ ሰሞን። ደረቴን ያነሳኸው አንተ ነህ። ፊልሙን ብርሃን ላይ ይዘህ ስታየው ፊትህ ጠቆረ። መሞቴን ከሐኪሙ በፊት ያነበብኩት አንተ ፊት ላይ ነው። ደረጃው ላይ ገና ሳይህ አወቅኩህ። አንተ ግን አላወቅከኝም።»

አላወቅኳትም! ሳንባዋን አይቼ፣ ፊቷን አንዴ እንኳ ሳላይ ነው የሸኘኋት። አፈርኩ።

«ታዲያ ለምን በርሽን ከፈትሽልኝ?»

«ዘንቢሌን ይዘህ ከእኔ ብሰህ ስታለከልክ አሳዘንከኛ!»

ሁለታችንም ሳቅን። ከዚያ እንባዋ መጣ።

«እኔን እያየህ ፊትህ ድጋሚ እንዲጠቁር አልፈለግኩም። ደግሞ እኔ ባል ቀብሬያለሁ፤ ምን እንደሆነ አውቀዋለሁ። አንተ ላይ አላደርገውም።»

«ስንት ጊዜ ሰጡሽ?»

«ከእንግዲህ ቢበዛ ስድስት ወር።»

«ይበቃኛል።»

«አይበቃህም።»

«አይበቃኝም... ግን አግቢኝ።»

ተጋባን። አምስት ወር ኖርን። በመጨረሻው ሰሞን መተኛት አቃታት፤ በትራስ ደግፌያት ቁጭ ብላ ታድር ነበር። አንድ ጠዋት ፀጉሯን እንዳበጥርላት ጠየቀችኝ።

«ዛሬ ፊቴን አንሳ» አለች። በእያንዳንዱ ትንፋሽ ትከሻዋ ከፍ ዝቅ ይላል። «ትንፋሼን ልያዝልህ?»

«አትያዢ የኔ ቆንጆ። ተንፍሺ... ዝም ብለሽ ተንፍሺ።»

ባነሳኋት በአራተኛው ቀን አረፈች።

ከቀብሯ በኋላ ከቀድሞ ሚስቴ የወለድኳት ልጄ እኔ ጋ ሰነበተች። ግድግዳው ላይ የሚሰቀል ፎቶ ስትመርጥ አንዱን ወደ ጎን አደረገችው።

«አባዬ፣ ይሄ እኮ ደብዝዟል። ስታነሳት ተንቀሳቅሳለች። ሌላ እንስቀል።»

«እሱኑ ስቀዪልኝ ልጄ» አልኳት። «እየተነፈሰች ነው።»