በሐይቁ የተነከረው እጅ

በሐሩዳ መንግሥት፣ በጌልማ ተራራ አናት ላይ ካለው ሐይቅ ሥር ዘንዶው ቀርሙድ ተኝቶ ይኖር ነበር። ሊነቃ ሲል ውኃው ይሞቃል። ስለዚህ የጥንት ጠቢባን በየወሩ ተራራውን ወጥተው እጃቸውን ሐይቁ ውስጥ ይነክሩ ነበር፤ ውኃው የነካው ቆዳም አረንጓዴ ሆኖ ይቀራል፣ ታጥቦ አይለቅም።

የኋለኞቹ ጠቢባን ግን ዳገት አልወደዱም። የቤተ መንግሥቱን ኩሬ ይነኩ ጀመር። ኩሬው ከወጥ ቤቱ ጀርባ ነበርና ድግስ በተደገሰ ቁጥር ይሞቃል። ሁለት ጊዜ ነጋሪት አስጎሰሙ፤ ሁለት ጊዜም ሕዝቡ የደረሰ አዝመራውን ጥሎ ሸሸ። ዘንዶ ግን የለም። በሁለተኛው ሽሽት እመት ዋሪና ታናሽ ልጇን መንገድ ላይ ቀብራ ተመለሰች። የኩሬው ጉድም እያደር ወጣ።

ከዚያ ከሐይቁ በሚወርደው ወንዝ ላይ ዓሣ ሞቶ ተንሳፈፈ፤ ነጋሪቱም እንደገና ተጎሰመ። ማንም ንቅንቅ አላለም። «ንጉሡ ደግሞ ማንን ሊድሩ ነው?» ብለው ሳቁ።

የዋሪና ልጅ ሳሌን ግን አልሳቀችም። እናቷ «ሌላ ልጅ መንገድ ላይ አልቀብርም፤ ከደጄ አልነሣም» ብላ ምላለች። ወሬው እውነት ከሆነ እናቷ ማለቋ ነው። ስለዚህ ሳሌን ጋዳን ከሚባል ጋሻ ጃግሬ ጋር ተራራውን ወጣች። እሳት የሚተፉ አሞሮች ሲወርዱባቸው ጋዳን በጋሻው እየመከተ አደረሳት። ሐይቁ ይንተከተካል።

«በዓይናችን አየን፤ እንመለስ» አለ።

«አየን ብንል ማን ያምነናል?» አለችና ቀኝ እጇን እስከ ክርኗ ነከረች። ጩኸቷን ተራራው አስተጋባው።

ጋዳን ተሸክሟት አደባባይ ደረሰ። ሊቀ ጠቢባኑ «ብያችሁ ነበር እኮ!» ብሎ ተንሰቀሰቀ። ሰዉ ንጹሕና ለስላሳ እጆቹን አይቶ ፊቱን አዞረ።

ሳሌን ግን የተላጠውን አረንጓዴ ክንዷን ወደ ላይ አነሣች። «የሐሩዳ ሕዝብ ሆይ! በወንድሜ መቃብር እምላለሁ፣ ቀርሙድ ነቅቷል። ቃሌን ከተጠራጠራችሁ አልፈርድባችሁም፤ ቀርባችሁ እዩት!»

መጀመሪያ የቀረበችው ዋሪና ናት። ክንዱን አገላብጣ አየች፤ አለቀሰችም። ከዚያ በነጠላዋ ጠቀለለችውና ወደ ሕዝቡ ዞረች።

«ምን ቆማችሁ ታያላችሁ? አህያውን ጫኑ!»

ከተማው ተከትሏት ወጣ። ቀርሙድ ሲነሣ ሐሩዳን አመድ አደረጋት፤ በውስጧ ግን አንድም ነፍስ አልነበረም። ሲበቃውም ወደ ሐይቁ ተመለሰና ተኛ። የሳሌን እጅ ግን አልዳነም፤ ተቆረጠ።

በስደቱ ሰፈር ንጉሡ ሳሌንን አስጠርተው፣ «ከእንግዲህ የሐይቁ ጠባቂ አንቺ ነሽ» አሏት።

እናቷ ቀድማ መለሰች፤ «ንጉሥ ሆይ፣ የቀራት አንድ እጅ ነው። ቀጥሎ ተራራውን እርስዎ ይውጡ።»

አሽከሮቹ ደነገጡ። ንጉሡ ግን ከቀኝ እጃቸው ላይ ቀለበቶቻቸውን ያወልቁ ጀመር።