«ተነሱ፣ ክላስ አለ!»

«እድርተኞች ስሙ! አቶ ነገሬ አርፈዋል! ቀብር ስድስት ሰዓት ነው!»

የእድሩ ለፋፊ ጋሽ በዛብህ መርዶውን ተናግረው ጡሩምባውን ረዘም አድርገው ነፉ። ማራኪ የጥርስ ብሩሹ አፏ ውስጥ እንዳለ በመስኮት ብቅ አለች። አቶ ነገሬ ሦስት ቤት አለፍ ብለው የሚኖሩ ጎረቤት ናቸው፤ መታመማቸውን ሰፈሩ ሁሉ ያውቅ ነበር። ማልቀስ ቃጣት።

ጡሩምባው ጸጥ ከማለቱ፣ ከሱቁ በኩል «ክላስ አለ!» የሚል ጩኸት ተሰማ። ቀጥሎም ሳቅ። ትምህርት ቤት የሚሄዱ ሦስት ልጆች ናቸው። አንዱ የዩኒፎርሙን ሹራብ ወደ ላይ ሰብስቦ ከስር የለበሰውን ቲሸርት ያሳያል፤ ሌላው ስልኩን ደግኖ ይቀርጻል። ቲሸርቱ ላይ ጉንጫቸው ያበጠ፣ ዐይናቸው የፈጠጠ፣ አንደኛውን የሱሪ እግር ካልሲ ውስጥ የከተቱ ሽማግሌ ጡሩምባ ይነፋሉ። ከስዕሉ ስር «ተነሱ፣ ክላስ አለ!» ይላል።

የአቶ ነገሬ ባለቤት ነጠላቸውን አዘቅዝቀው በራቸው ላይ ቆመው ነበር። ሳቁን ሰምተዋል።

ጋሽ በዛብህ ዞር ብለው ልጆቹን አዩ። ቲሸርቱንም አዩ። ትንሽ ቆዩና ጎንበስ ብለው የሱሪያቸውን እግር ከካልሲያቸው አወጡት። ከዚያ ማንንም ሳይናገሩ ወደሚቀጥለው መንደር ሄዱ።

ማራኪ ከመስኮቱ ሸሸች። ስዕሉ የእሷ ነው።

ነገሩ የተጀመረው ስምንተኛ ክፍል እያለች፣ በደብተር ጀርባ ላይ ነው። የሰፈሩን ሰው ትስላለች፤ ወያላውን፣ በዝናብ ጊዜ ፌስታል እንደ ቆብ የሚያደርጉትን ባለ ሱቅ፣ ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆመው የሚያንቀላፉትን ሴትዮ። የክፍል ጓደኛዋ ሌሊሴ «ይሄማ ይሸጣል!» ብላ የቴሌግራም ቻናል ከፈተች። ስሙን «ሰፈርተኛ» አሉት። መጀመሪያ ስቲከር፣ ከዚያ የጨርቅ ቦርሳ፣ አሁን ቲሸርት። የማራኪ ስም ግን የትም ቦታ የለም። እናቷ ወይዘሮ ዘመነች «ስዕል እንጀራ አይሆንም፣ አጥኚ» ስለምትል እንዲያ ይሻላል ተባብለው ነበር።

ጋሽ በዛብህን የሳለቻቸው በአንድ የሂሳብ ክፍለ ጊዜ ነው። ሌሊሴ ጠዋት ጠዋት ስለምታረፍድ «አንቺን የእድር ጡሩምባ ካልሆነ ሌላ አይቀሰቅስሽም» ብላ ስትቀልድባት ስዕሉ መጣላት። በክፋት አልነበረም፤ እንዲያውም ስለምትወዳቸው ነው የሳለቻቸው። ግን «ጋሼ፣ ልሳልዎት?» ብላ አልጠየቀችም። እንኳን ልትጠይቃቸው፣ ሐሳቡም አልመጣላትም።

ከስዕሎቿ ሁሉ እንደሱ የተሸጠ የለም። አሁን አየር ጤና ልብስ ቤት ያለው ወንድዬ ያንኑ ስዕል ሃምሳ ቲሸርት አሳትሞ ከነስሙ «ሰፈርተኛ» ብሎ በሱቁ መስታወት ላይ ሊሰቅልላቸው ነው። ማራኪ ይህን የሰማች ቀን ከደስታዋ ብዛት እራቷን አልበላችም።

አቶ ነገሬ የተቀበሩ ዕለት፣ ማክሰኞ፣ እናቷ ከለቅሶ ቤት የተመለሰችው በንዴት እየተንጨረጨረች ነው።

«እንዴት ያለ ዘመን ላይ ደረስን! የነገሬ ሚስት እንባዋን ሳትጠርግ ይሳቅባት? ደግሞ ጋሽ በዛብህን የሚያህል ሰው ስሎ በቲሸርት የሚቸበችበው የማን አሳዳጊ የበደለው ነው?»

ማራኪ ደብተሯ ላይ አቀረቀረች። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣት በወደደች። አሳዳጊዋ እዚያው ፊት ለፊቷ ቆማ፣ ራሷን እየሰደበች መሆኑን ሳታውቅ ጫማዋን ታወልቃለች።

«አንቺ ደግሞ ምን ሆነሽ ነው ፊትሽ የጠቆረው?»

«ምንም። ራሴን አሞኝ ነው።»

ይህንንም ዋሸች።

አርብ ዕለት በእረፍት ሰዓት ሁሉንም ለሌሊሴ ነገረቻት።

«አንቺ ሳልሽ እንጂ አልሳቅሽም» አለች ሌሊሴ። «ጥፋተኞቹ እነዚያ ፋራዎች ናቸው። ደግሞ ማንም አያውቅም እኮ! ቻናሉ ላይ ስም የለ።»

«እሱ ነው የባሰው።»

«በናትሽ አታካብጂ! ወንድዬ ሰኞ ህትመት ይጀመር ብሏል። ሌላ ስዕል ልስጥህ ብትይው አይፈልግም፤ እሱን ብቻ ነው የሚፈልገው። እንቢ ካልሽው ሰፈርተኛ አበቃላት።»

«ሱሪያቸውን ከካልሲያቸው ሲያወጡ ብታያቸው ኖሮ እንዲህ አትይም ነበር። አፍረው እኮ ነው ሌሊሴ። እኔ ነኝ ያሳፈርኳቸው።»

ሌሊሴ የያዘችውን ብስኩት ለሁለት ሰብራ ግማሹን ለማራኪ ሰጠቻት።

«እና ምን ልታደርጊ ነው?»

«እንጃ» አለች ማራኪ። የምሯን ነው፤ አታውቅም ነበር።

እሁድ የእድሩ ወርኃዊ ስብሰባ ነው። ወይዘሮ ዘመነች ሳምንቱን ሙሉ ለቅሶ ቤት ስታገለግል ሰንብታ ወገቧን ይዟት ተኝታለች። «በእኔ ፈንታ ሂጂና ስም ሲጠራ አቤት በይ። ከዚያ ዝም ብለሽ ቁጭ ነው» ብላ ማራኪን ላከቻት።

«ወይዘሮ ዘመነች!» አሉ ሰብሳቢው አቶ ፍቅረማርያም መዝገቡን እያዩ።

«አቤት! በእናቴ ፈንታ ነኝ።»

«እሰይ! እንዲህ የምትላክ ልጅ ይስጠን» አሉ አጠገቧ የተቀመጡት እሙ የሚባሉ አሮጊት፣ ጀርባዋን መታ መታ እያደረጉ። ምርቃቱ ሰውነቷን ኮሰኮሳት።

ስም ተጠርቶ እንዳለቀ ጋሽ በዛብህ ከኋላ ተነሱ። ሁለቱም የሱሪ እግሮቻቸው ወደ ታች ወርደዋል፤ አንደኛው ጭቃ ነክቶታል። ጡሩምባውን ሰብሳቢው ፊት ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት።

«ሃያ ሁለት ዓመት ነፍቻለሁ» አሉ። «ዝናብ ነው፣ ብርድ ነው ብዬ የቀረሁበት ቀን የለም። ማክሰኞ ግን የሰው ሬሳ ከቤት ሳይወጣ፣ በሚስቱ ፊት፣ በእኔ ምክንያት ተሳቀ። ከእንግዲህ ለቅሶ ቤት ደጃፍ ላይ ሳቅ ይዤ አልሄድም። ሌላ ሰው ፈልጉ።»

«ኧረ ጋሽ በዛብህ! የልጆች ነገር ነው፣ ይተዉት!» ሰው ከዚህም ከዚያም ጮኸ።

«ልጆቹን አልተቀየምኳቸውም። ልጅ ያየውን ነው የሚለው። የሳለኝ ሰው ነው የከነከነኝ። ጉንጬን፣ አቋቋሜን፣ ካልሲዬን ሳይቀር ያውቃል። ሩቅ አገር ያለ ሰው አይደለም። ሰፈርተኛዬ ነው። ጠዋት ጠዋት እንደምን አደሩ ይለኝ ይሆናል።»

ማራኪ ትላንት ጠዋትም ብላቸዋለች። «ደኅና ነሽ ልጄ፣ በርቺ» ነበር ያሏት።

አቶ ፍቅረማርያም መዝገቡን ገለጡ። «እንግዲህ በዚህ ላይ አስተያየት ያለው አለ? ከሌለ ሌላ ሰው እንመርጣለን።»

ዝም ብትል ማንም አያውቅም። ነገ ወንድዬ ያሳትማል፤ «ሰፈርተኛ» አየር ጤና መስታወት ላይ ይሰቀላል። ከተናገረች ሁሉም ነገር እዚህ ያበቃል፤ እናቷ ከአልጋዋ ሳትነሳ ወሬው ቤት ይደርሳል። እጇ ግን ወጥቶ ነበር። ማራኪ ራሷም እጇ መውጣቱን ያስተዋለችው፣ ሰው ሁሉ ዞሮ ሲመለከታት ነው።

«እሺ የኔ ልጅ» አሉ አቶ ፍቅረማርያም ፈገግ ብለው እስክሪብቶአቸውን እያነሱ። «ወይዘሮ ዘመነችን ወክለሽ ነው አይደል የምትናገሪው?»

ማራኪ ተነሳች። የወንበሩን መደገፊያ ያዘች።

«አይደለም» አለች ጋሽ በዛብህን እያየች። «ይሄንን የምናገረው በራሴ ስም ነው።»