የገመቹ ድርሻ

እኔ፣ እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ጤና ረዳት ነኝ፣ ዛር ያዘኝ ብሎ ለመጣ ሁሉ ኪኒን እየሰጠሁ የኖርኩ ሰው ነኝ፣ እንዲህ ያለ ወሬ ሲነሳ ከት ብዬ ነበር የምስቀው፤ የወንጪውን ቀን ግን እስከ ዛሬ ምን እንደምለው አላውቅም።

በደርግ ጊዜ ነው። አምቦ ባዮሎጂ የሚያስተምር ቶሎሳ የሚባል ጓደኛ ነበረኝ፣ ወፍ ካየ ምሳውን የሚረሳ ሰው፤ ከልጅነቱ የማውቀው ታናሽ ወንድሙ ገመቹ ለብሔራዊ ውትድርና ተወስዶ ሰሜን ዘመተ፣ ደብዳቤው ከተቋረጠ ሰባት ወር ሆኖት ነበር። እናታቸው እማማ ጫልቱ ታዲያ እህል ባቀረቡ ቁጥር የገመቹን ድርሻ ለብቻ ያስቀምጣሉ፣ ማንም አይነካውም፣ ሲመሽ ለተቸገረ ይሰጣል። «መንገድ የወጣ ሰው ድርሻው ካልተቀመጠለት ይራባል» ይላሉ።

ያን ቅዳሜ ወንጪ ሐይቅ ወርደን ወፍ ልንቆጥር ስንነሳ በቅቤ የታሸ የገብስ ጩኮ ሦስት ጥቅል አስያዙን፣ ሦስተኛው የገመቹ ነው። የሩቅ ማያውን መነጽር ቶሎሳ ከትምህርት ቤት በፊርማ ነው ያወጣው፣ በዚያ ዘመን ገደል አፋፍ ላይ ቆሞ በመነጽር ማየት ያስጠይቅ ስለነበር የቀበሌ ደብዳቤም ይዘናል፣ ሳቁ እንጂ!

ውሃው ዳር የየድርሻችንን በላን፣ ቶሎሳ መነጽሩን ለእኔ ትቶ ደብተሩን ይዞ ወደ ሸምበቆው ሄደ፣ እኔ አልጠገብኩም፣ ሦስተኛውን ጥቅል አየት አደረግሁና «እዚህ ደግሞ ማን ሊበላው ነው?» ብዬ፣ ምን ልዋሻችሁ፣ ጠራርጌ በላሁት።

ወፎቹ ዝም አሉ። ሁሉም፣ ባንዴ። ከዚያ ከማዶ ውሃ ሲንቦጫረቅ ሰማሁ፣ መነጽሩን ባነሳ ካኪ የለበሰ ወጣት ገደሉ ስር ቁጢጥ ብሎ እጁን ይታጠባል፣ አራገፈና ቀና አለ፣ የታጠበ እጁን እንደዘረጋ ወደ እኔ እያየ ቆየ፣ ምግብ እስኪቀርብለት እንደሚጠብቅ ሰው። ገመቹ ነው። መነጽሩን ባወርድ ማንም የለም።

እዚያው ሐይቅ ላይ ጀልባ የሚቀዝፉትን ኦቦ ደበላን «እዚያ ማዶ ማነው?» ብላቸው፣ «ገደሉ ቀጥ ብሎ ውሃ ውስጥ ነው የሚገባው፣ ምን መቆሚያ አለው ልጄ?» ብለው ሳቁብኝ።

ቶሎሳ ሲመለስ «ፊትህ አመድ መስሏል፣ ምን አየህ?» አለኝ።

«ወፍ።»

«የምን ወፍ? ልመዝግበው እንጂ።»

«እንጃ፣ የማላውቀው ነው።»

«ያልታወቀ፣ አንድ» ብሎ ጻፈው እኮ! ከዚያ ባዶውን ጥቅል አየ። «የገመቹስ?»

«ለኦቦ ደበላ ሰጠኋቸው» አልኩት። ዋሸሁት።

ከሁለት ወር በኋላ የገመቹ ደብዳቤ መጣ፣ እማማ ጫልቱ በደስታ አለቀሱ፣ ጎረቤት ተሰበሰበ፣ ቶሎሳ ጮክ ብሎ አነበበልን፣ እኔም ዕዳዬ የወረደልኝ መስሎኝ ነበር፤ መጨረሻው ላይ ግን እንዲህ ይላል፦ «ሃርሜ፣ እናቴ፣ በህልሜ ሁልጊዜ ታበይኛለሽ፣ ጠግቤ ነው የምነሳው። አንድ ቅዳሜ ግን ውሃ ዳር እጄን ታጥቤ ብጠብቅ፣ ምግቤን ሌላ ሰው በላው። ከዚያ ወዲህ አልጠግብም።»

«አይ ልጄ፣ ማን ይሆን የበላበት?» አሉ እማማ ጫልቱ፣ ሁሉም ሳቀ፣ እኔም ሳቅሁ።

ሌላ ደብዳቤ አልመጣም። ቤታቸው በሄድኩ ቁጥር ድርሻው እንደተቀመጠ ነው፣ እሳቸውም ማስታጠቢያውን ይዘው ከፊቴ ይቆማሉ፣ «ምነው ልጄ፣ ታጠብ እንጂ» ይሉኛል፣ እኔ «በልቼ ነው የመጣሁት» እላቸዋለሁ።